ቲፍ ጤፍ አይደለም፦ በሰፈራችሁ የግብር ገንዘብ ላይ እንዴት ትከራከራላችሁ

ቺካጎ በመጣሁ ሰሞን አንድ ወዳጄ «ዛሬ ማታ የቲፍ ስብሰባ አለ፣ ትመጣለህ?» ሲለኝ ጤፍ መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። የጤፍ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ስለነበር ሐበሻ ሊመክርበት ተሰበሰበ ብዬ ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። የደረስነው አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ስክሪኑ ላይ ያላለቀ ሕንጻ ሥዕል ተለጥፏል፤ ለምለም ዛፍ፣ ብስክሌት የሚነዳ ጎረምሳ፣ ቡና ይዛ የምትስቅ ሴት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሚሊዮን ሲወራ ሰማሁ። አንድም ነገር አልገባኝም።

አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ሰፈሩ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው፣ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ልጄ፣ ይሄ ገንዘብ የኛ ነው ወይስ የነሱ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ማታ ከተጠየቀው ጥያቄ ሁሉ የሳቸው የተሻለው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ይሄ መመሪያ እንደሳቸው ላለ ሰው ነው። ምሳሌዎቼ በሙሉ ከቺካጎ ናቸው ማለት ይቻላል፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር ያላችሁም አትሂዱ፤ ስሙና ዝርዝሩ ይለያያል እንጂ ክርክሩ አንድ ነው። ከአሪዞና በቀር በሁሉም ግዛት ቲፍ አለ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይግባችሁ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሰው ስብሰባ ላይ የሚሸነፈው እዚች ጋ ነውና።

ቲፍ (TIF) የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። በአማርኛ ብንፈታው «በግብር ጭማሪ ልማትን መደገፍ» እንደማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ1952 ጀመረችው። ኢሊኖይ በ1977 ሕጉን አወጣች፣ ቺካጎ የመጀመሪያውን የቲፍ ወረዳ በ1984 መሐል ከተማ ላይ ከፈተች። አሁን ከመቶ በላይ ወረዳዎች አሏት፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ላይ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሰበስባሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት የጣሪያና ግድግዳ ከፍለን ደረሰኝ ተቀብለን እንወጣለን፣ አለቀ። እዚህ ግን የቤት ግብር ብዙ ጌታ አለው። ትምህርት ቤቱ፣ ከተማው፣ ካውንቲው፣ ፓርኩ፣ ኮሌጁ፣ የፍሳሽ ውኃ መሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉም ከአንድ ቢል ላይ ድርሻ አላቸው። አንድ ሰፈር ቲፍ ሲባል የዚያን ጊዜ የንብረቱ ግምት ይመዘገባል። መነሻ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ለ23 ዓመት እነዚህ ሁሉ ጌቶች የሚካፈሉት ከመነሻው ላይ ብቻ ነው። ከመነሻው በላይ ያደገው፣ ማለት ጭማሪው፣ ለብቻው ቋት ይገባና ከተማው ለዚያው ሰፈር ልማት ያውለዋል።

ስብሰባ ላይ ደጋግመው የሚሏችሁ «አዲስ ግብር አይደለም» ነው። ውሸት አይደለም። እውነቱ ግን ግማሽ ነው። በቁጥር እንየው፣ ቁጥሮቹ የኔ ናቸው፣ እንዲቀሉ ብዬ።

የከተማው ንብረት በሙሉ 1,000 ሚሊዮን ነው እንበል። ትምህርት ቤቱና ሌሎቹ በዓመት 70 ሚሊዮን ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው 7 በመቶ ይከፍላል። አሁን አንድ ሰፈር ላይ የ50 ሚሊዮን ሕንጻ ተሠራ። ቲፍ ከሌለ 70 ሚሊዮኑ ለ1,050 ይካፈላል፣ ምጣኔው ወደ 6.67 ይወርዳል። ግምቱ 100,000 የሆነ ቤት ያለው ሰው በ7,000 ፈንታ 6,667 ይከፍላል። ቲፍ ካለ ግን አዲሱ 50 ሚሊዮን ከማካፈያው ውጭ ነው። ምጣኔው 7 ላይ ይቀራል። ሰውየው 7,000ውን ይከፍላል፣ ከአዲሱ ሕንጻ የመጣው 3.5 ሚሊዮን ቲፉ ቋት ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ 333 ዶላሯን የከፈለው ማን ነው? ሰውየው፣ ቲፍ ሰፈር ውስጥ ባይኖርም። (በእውነተኛ ከተማ ልዩነቱ ከዚህ ያነሰ ነው፣ እኔ እንዲታይ አጋንኜዋለሁ።)

ነገር ግን! ሕንጻው ያለ ቲፍ ጭራሽ የማይሠራ ከነበረስ? ያን ጊዜ ማካፈያው 1,000 ላይ ይቀራል፣ ሰውየው ያው 7,000 ይከፍል ነበር፣ ማንም አልተጎዳም። ስለዚህ ክርክሩ በሙሉ የሚንጠለጠለው በአንዲት ጥያቄ ላይ ነው፦ ቲፍ ባይኖር ይሄ ነገር ይሠራ ነበር ወይ? የእናቲቱ ጥያቄ መልስም እዚሁ ላይ ነው። ያለ ቲፍም የሚሠራ ከነበረ ገንዘቡ የኛ ነው። የማይሠራ ከነበረ ግን ቲፉ ራሱ የፈጠረው ነው።

2. ቤታችሁ የት እንደወደቀ እዩ

ይሄ አስር ደቂቃ ነው። የግብር ቢላችሁ ላይ 14 አሃዝ ያለው የንብረት ቁጥር አለ፣ ፒን ይሉታል። ኩክ ካውንቲ ግብር ሰብሳቢ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ግብራችሁ ለማን ለማን እንደተካፈለ ይታያችኋል፣ ቲፍ ውስጥ ከሆናችሁ የቲፍ ድርሻም አለበት። ከተማው ደግሞ የቲፍ ካርታ አለው፤ ወረዳውን ስትነኩት የተከፈተበትን ዓመት፣ የሚያበቃበትን ዓመት፣ የተፈቀዱለትን ፕሮጀክቶች ያሳያል።

ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም የምትሉ አላችሁ። ባለቤቱ ግብሩን ከየት የሚከፍለው ይመስላችኋል?

3. ሕጉ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ለዩ

ስብሰባ ላይ «ይሄ ገንዘብ ለምን ለአስተማሪ ደመወዝ አይሆንም?» ብሎ የሚነሳ ሰው ሁልጊዜ አለ። ያጨበጨቡለታል። ከዚያ የከተማው ሠራተኛ ማይክ ይይዝና «ሕጉ አይፈቅድም» ይላል፣ ሰውየው ይቀመጣል፣ አዳራሹም አብሮት ይቀመጣል። እንዲህ አትሸነፉ።

የኢሊኖይ ሕግ የሚፈቅደው መሬት መግዛትን፣ ማፍረስን፣ የተበከለ አፈር ማጽዳትን፣ መንገድ፣ መብራት፣ ድልድይ፣ ፓርክና ትምህርት ቤት ሕንጻ የመሰለ የሕዝብ ሥራን ነው። ነባር ሕንጻ ማደስ ይቻላል። የሥራ ሥልጠና ይቻላል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሠራ መኖሪያ እስከ ግማሽ ወጪው ሊሸፈን ይችላል። የማይቻለው ዋናው ነገር አንድ አልሚ ለራሱ አዲስ ሕንጻ የሚያቆምበትን ወጪ መክፈል ነው። ለዚህ ነው አልሚዎች ገንዘቡን በመሬቱ፣ በቁፋሮው፣ በመንገዱ በኩል አዙረው የሚጠይቁት። ሕገ ወጥ አይደለም። ግን «ለሕንጻው አንድ ሳንቲም አልተሰጠም» ሲባል ፈገግ በሉ።

የደመወዙ መንገድ ሌላ ነው፣ አምስተኛው ላይ እመጣበታለሁ።

ሰፈሩ ራሱ ቲፍ ለመሆን መመዘን አለበት። «የተጎሳቆለ» ለመባል ሕጉ ከዘረዘራቸው 13 ምልክቶች አምስቱ መታየት አለባቸው። ወይም ደግሞ ሁለተኛው በር አለ፦ ከሕንጻዎቹ ግማሹ 35 ዓመት ካለፋቸውና ሦስት ምልክት ከተገኘ «ሊጠበቅ የሚገባው» ይባላል። ቺካጎ ውስጥ 35 ዓመት ያልሞላው ሕንጻ ፈልጉ እስቲ። እኔ ራሴ በዚህ መለኪያ ጎስቋላ ነኝ። ስለዚህ «ሰፈሩ መስፈርቱን ያሟላል» የሚለው ብዙም አያስደንቃችሁ። ከ13ቱ አንዱን ግን በደንብ አጥኑት፦ የሰፈሩ የንብረት ግምት ካለፉት አምስት ዓመታት በሦስቱ ከቀረው ከተማ ያነሰ ነው ያደገው? ይሄ በቁጥር የሚጣራ ነው። ጥናቱ ይሄን ምልክት ከተጠቀመ የትኞቹን ዓመታት እንደወሰደ ጠይቁ።

4. «ባይኖር ኖሮስ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ደግማችሁም ጠይቁ

ሊንከን ያርድስን እንውሰድ። በወንዙ ዳር ከ50 ኤከር በላይ የሆነ የቀድሞ ፋብሪካ መሬት ነው። በአንድ ወገኑ ሊንከን ፓርክ፣ በሌላው ባክታውን፤ የከተማዋ ሀብታም ሰፈሮች። በኤፕሪል 2019 ከንቲባ ራም ኢማኑኤል ሥልጣን ሊለቁ ሳምንታት ሲቀራቸው ምክር ቤቱ እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ቲፍ አጸደቀለት። በዚያው ቀን ከመሐል ከተማ በስተደቡብ ላለው «ዘ 78» ለተባለ ፕሮጀክትም ሌላ ትልቅ ቲፍ አለፈ። ሕዝቡ ተቆጣ። «በሀብታም ሰፈር መሐል ያለ የወንዝ ዳር መሬት ነው ጎስቋላ?» ተባለ። ክስም ተመሠረተ፣ አልተሳካም።

ቀጥሎ የሆነውን አስተውሉ። ግንባታው ተጓተተ። አንድ የላብራቶሪ ሕንጻ ቆመ። ገንዘብ ጠፋ። በ2025 አበዳሪው ባንክ የመሬቱን ሰሜናዊ ክፍል ወሰደ፣ ሌላ አልሚም አነስ ያለ እቅድ ይዞ መጣ።

ሁለቱም ወገን ይሄን ታሪክ ለራሱ ይጠቅሰዋል፣ ለዚህ ነው የምወደው። ደጋፊው «አያችሁ፣ መሬቱ እንዳሰባችሁት ቀላል አልነበረም» ይላል። ተቃዋሚው «አያችሁ፣ ቢሊዮን ቃል ተገብቶለትም አልተሠራም፤ ችግሩ የቲፍ እጦት አልነበረም» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ግን አንድ ነገር ለደጋፊው ልስጠው፦ ስምምነቱ አልሚው መጀመሪያ ከኪሱ ሠርቶ ጭማሪው ሲመጣ ነው የሚመለስለት ይል ነበር። ስላልተሠራ ከተማዋም ያንን ቢሊዮን አልከፈለችም። ከተማው ቀድሞ በቦንድ ተበድሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዕዳው የማን ይሆን ነበር? ስለዚህ ማንኛውም ፕሮጀክት ሲቀርብ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «አደጋው በማን ላይ ነው?» በሉ።

አሁን ጥያቄዎቹ። ለአልሚው፦ ያለ ድጋፉ ትርፋችሁ ስንት በመቶ ነው፣ ከድጋፉ ጋርስ? ይሄ ቁጥር አለ፤ ባንኩ ሳያየው አያበድራቸውም። ለከተማው፦ ጥናቱን የሠራው አማካሪ ማን ቀጠረው፣ ማንስ ከፈለው? ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚመጣው ቲፉ እንዲጸድቅ ከሚፈልገው ወገን ነው። ለሁለቱም፦ በአምስት መቶ ሜትር ርቀት ያለ ቲፍ የተሠራ ተመሳሳይ ሕንጻ አለ? ለዚህ ጥናት አያስፈልጋችሁም። ከስብሰባው በፊት በእግራችሁ ዞር ዞር በሉና ክሬን ቁጠሩ።

ግልጽ ያልሆነ ነገርም አለ፣ አልደብቅም። መሐል ከተማ፣ ላሳል ጎዳና ላይ ያሉት አሮጌ ቢሮዎች ከኮቪድ በኋላ ባዶ ቀሩ። ከተማው በዚያው የቲፍ ገንዘብ ወደ አፓርታማ እንዲቀየሩ ይደግፋል፣ ከክፍሎቹ 30 በመቶው በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲሆን አስገድዶ። መሐል ከተማን መደገፍ ሆድ ያስብሳል፣ ገባኝ። ሆኖም ባዶ ቢሮ ግምቱ ሲወርድ የጎደለውን ግብር የምንሞላው እኛ ነን። «ባይኖር ኖሮስ?» የሚለውን ጥያቄ ይሄ ከሊንከን ያርድስ በተሻለ ይመልሳል።

ዲሲ ላላችሁ አንድ የቤታችሁን ምሳሌ ልጨምር። ኮሎምቢያ ሃይትስ ታርጌት ያለበት የገበያ ሕንጻ፣ በ2008 የተከፈተው፣ ሥሩ 1,000 መኪና የሚይዝ ጋራዥ አለው፣ ከተማው ከፍሎበት። ሜትሮው በሩ ላይ ነው። ሰዉ በባቡር መጣ፣ ጋራዡ ለዓመታት ብዙው ባዶ ሆኖ ቆየ። ሕንጻው ጥሩ ነበር። የተሳሳተው ገንዘቡ የዋለበት ነገር ነው። ሁለቱን ለይቶ መከራከር ልመዱ።

5. የማን ድርሻ እንደሚቀር ቁጠሩ

ቺካጎ ውስጥ ከቤት ግብር ከግማሽ በላዩ የሚሄደው ለትምህርት ቤቶች ነው። ስለዚህ «ከቲፍ አንድ ዶላር» ሲባል ሃምሳ ምናምን ሳንቲሟ ልጆቻችሁ ክፍል ውስጥ ልትገባ ትችል የነበረች ናት። ከላይ ያልኩት «ባይኖር ኖሮ» እንደተጠበቀ ሆኖ።

የደመወዙ መንገድ እዚህ ጋ ነው። ቋት ውስጥ ያለ፣ ለፕሮጀክት ያልተያዘ ገንዘብ ከተማው «ትርፍ» ብሎ ሊያውጅ ይችላል። ትርፍ ሲባል ወደ ካውንቲው ይመለስና ለሁሉም ጌቶች እንደ ድርሻቸው ይከፋፈላል። ትምህርት ቤቱ የደረሰውን ለአስተማሪ ደመወዝም ሊያውለው ይችላል። ለ2025 በጀት ከተማዋ 570 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትርፍ አወጀች። ከግማሽ በላዩ ለትምህርት ቤቶች፣ ሩብ የማይሞላው ለራሷ ለከተማዋ። ስለዚህ ሰውየው «ለደመወዝ ለምን አይሆንም?» ከሚል «በዚህ ወረዳ ያልተያዘው ገንዘብ ስንት ነው፣ ለምንስ ትርፍ አይባልም?» ቢል ኖሮ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚል መልስ አይሰጠውም ነበር።

ትርፍም ጉዳት አለው። በየዓመቱ የበጀት ቀዳዳ በትርፍ መድፈን እንደ ሱስ ነው፣ የሚቀጥለው ዓመት ያው ቀዳዳ አለ። ደቡብና ምዕራብ ያሉ ድሃ ወረዳዎች በስንት ልመና ያጠራቀሟት ጥቂት ገንዘብ አብራ እንዳትጠረግም ተጠንቀቁ። ከመሐል ከተማ ይወሰድ ስትሉ «ከየትኛው?» የሚለውን ጨምሩ።

6. ገንዘቡን ወደ ትንሹ ሰው ጎትቱት

ክርክር ማለት መቃወም ብቻ አይደለም። ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ነገር፦ ቺካጎ ከቲፍ ገንዘብ ለትንንሽ ንግድ ቤቶች ማደሻ የምትሰጥበት ፕሮግራም አላት። ኤስቢአይኤፍ (SBIF) ይባላል፣ «ስቢፍ» ይሉታል። ለሱቅና ለምግብ ቤት እስከ 150,000 ዶላር። የሚሸፈነው እንደ ሁኔታው ከ30 እስከ 90 በመቶ ነው፣ የቀረው ከኪስ። ተከራይም ማመልከት ይችላል። የሚከፈተው ወረዳ በወረዳ፣ በተራ ስለሆነ የናንተ ሰፈር የሚከፈትበትን ወር መጠበቅ አለባችሁ።

ጣሪያ፣ የፊት ለፊት መስኮት፣ ማሞቂያ፣ ቧንቧ፣ ዊልቸር የሚያልፍበት በር ይሸፈናል። ዕቃ አይሸፈንም። በአጭሩ ጣሪያውን ይከፍላል፣ ምጣዱን አይከፍልም።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው፦ ገንዘቡ የሚመጣው ሥራው አልቆ ደረሰኙ ከቀረበ በኋላ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያገኘኋቸው እናት በኋላ አመልክተው ነበር። ጣሪያቸው ያፈስ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ የሽሮ ድስቶቹ መካከል ባልዲ ያስቀምጣሉ። ተፈቀደላቸው። ግን መጀመሪያ ለሠሪው የሚከፍሉት ጥሬ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ዕቁባቸው ደረሰ። የመጀመሪያ ዕጣ ነበራቸው፣ ጸሎታቸው ሰምሮ ይሁን ሰብሳቢው አዝኖላቸው አላውቅም። ዕቁብ የሌለው የሜክሲኮ ጎረቤታቸው ግን ያው ፈቃድ እጁ ላይ ጊዜው አለፈበት።

እንግዲህ የሚገባው ክርክር ይሄ ነው። ለትልቁ አልሚ ስንት ዓይነት የፋይናንስ መላ ሲፈለግ፣ ለትንሹ ቢያንስ ግማሹ በቅድሚያ ለምን አይከፈለውም? ይሄን የሰፈራችሁ አልደርማን፣ ማለት የከተማው ምክር ቤት ተወካያችሁ ፊት በሉት።

ሌላው የምወደው የሕዝብ ሥራ ነው። የቀይ መስመር ባቡር ሰሜን በኩል ሲታደስ ከተማዋ በ2016 ለባቡር ብቻ የሚውል ልዩ ቲፍ አቋቋመች፣ 622 ሚሊዮን ዶላር ያህል። በዚህ ቲፍ ላይ የትምህርት ቤቶቹ ድርሻ ሳይነካ ይሄዳል፣ ሕጉ ሲወጣ ተከራክረው ያስገቡት ነው። ከተማው የራሱን ድርሻ በማዘጋጀቱ የፌደራል መንግሥት ከ1 ቢሊዮን በላይ ጨመረ፣ ፊርማው የተፈረመው ኦባማ ሊወርዱ ቀናት ሲቀሩ በጃንዋሪ 2017 ነው። «ባይኖር ኖሮስ?» ለሚለው ከዚህ የጠራ መልስ አላየሁም። ሎውረንስ፣ አርጋይል፣ በርዊንና ብሪን ማር ጣቢያዎች በ2025 በጋ አዲስ ሆነው ተከፈቱ። አሳንሰር አላቸው። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ይዘው አርጋይል ላይ ቁልፉን ሲጫኑ ቆሜ አየሁ፣ በድሮው ደረጃ ቢሆን እንኳን እሳቸው እኔም አቃስት ነበር።

7. ስብሰባው ላይ ምን ትላላችሁ

መጀመሪያ የትኛው ስብሰባ እንደሆነ እወቁ። አዲስ ቲፍ ሲቋቋም ነገሩ በማኅበረሰብ ልማት ኮሚሽን ያልፋል። የትምህርት ቤቱ፣ የፓርኩና የሌሎቹ ተወካዮች የሚቀመጡበት የጋራ ቦርድም አለ፤ ቦርዱ እምቢ ካለ ምክር ቤቱ ለማሳለፍ ተራ ድምፅ አይበቃውም፣ ከአምስት ሦስት እጅ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የማይሄድበት እሱ ነው፣ እኔ ብትሄዱበት የምመርጠውም እሱ ነው። ከዚያ የምክር ቤቱ የፋይናንስ ኮሚቴ፣ በመጨረሻ 50ው አልደርማን። እዚያ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ እንጀራው ወጥቷል። ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

የሚሰጣችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ስማችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ ስንት ዓመት እንደኖራችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ። ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ልጆቻችሁ ዲግሪ አትጀምሩ፤ ደወሉ ይደወልባችኋል፣ አይቻለሁ። ከዚያ አንድ ቁጥርና አንድ ጥያቄ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በርዊን አካባቢ ነው የምኖረው። በዚህ ወረዳ ያልተያዘ ይሄን ያህል ሚሊዮን እንዳለ የራሳችሁ ሪፖርት ይላል። ይሄ አልሚ ከአምናው ጀምሮ መሬቱን ገዝቶ ይዟል፤ ከጎኑ ሁለት ሕንጻ ያለ ድጋፍ እየተሠራ ነው። የሱ ያለ ድጋፍ የማይሆንበትን ምክንያት የሚያሳየው ሒሳብ የት ነው? በጽሑፍ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ።»

«በጽሑፍ» የምትለዋን አትርሷት። በቃል የተመለሰ ነገር አዳራሹ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ግድ የለም፣ ቁጥር አክሰንት የለውም። አስተርጓሚ የሚያስፈልጋችሁ ከቀናት በፊት ጠይቁ፤ አይመጣም ካሉ የምታምኑትን ጎበዝ ይዛችሁ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ ደግሞ። የዕድር ሰዎች በስድስት ወንበር ቢቀመጡና አንዱ ብቻ ቢናገር፣ ስድስቱ በየተራ አንድ ነገር ከሚሉ ይበልጣል።

«ሥራ ይፈጥራል» ይሏችኋል። ስንት፣ ለስንት ዓመት፣ ስንቱ ለሰፈሩ ሰው፣ ካልተፈጠረስ ገንዘቡ ይመለሳል? «ገንዘቡ ገና የለም፣ ከፕሮጀክቱ ነው የሚመጣው» ይሏችኋል። ይሄ ጠንካራ መልስ ነው፣ አትናቁት። ከላይ እንዳልኩት አልሚው ቀድሞ ከከፈለ አደጋው የሱ ነው። ግን ወረዳው ውስጥ ያሉት ነባር ቤቶችም ግምታቸው ይጨምራል፣ ያም ጭማሪ ቋቱ ውስጥ ይገባል። «ከፕሮጀክቱ የሚመጣው ስንት ነው፣ ከኛ ቤት የሚመጣውስ?» ብላችሁ ለዩት።

8. ድምፅ ከተሰጠ በኋላ

ሰው እዚህ ጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥራው ያለው ግን እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ወረዳ በየዓመቱ ለግዛቱ ኮምፕትሮለር (የሒሳብ ኃላፊ) ሪፖርት ማቅረብ አለበት፤ የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ በ180 ቀን ውስጥ፣ ለቺካጎ ወደ ጁን መጨረሻ ማለት ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ እዩ፦ ዓመቱን ስንት ገባ፣ ለማን ተከፈለ፣ ወደ ጎረቤት ወረዳ ስንት ተሻገረ። የመጨረሻው ገንዘብ ሳይታይ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ጎን ለጎን ባሉ ወረዳዎች መካከል ማዘዋወር ሕጉ ይፈቅዳል። ከአልሚው ጋር የተፈረመው ውል ካልተገኘ በመረጃ ነጻነት ሕጉ ጠይቁ። አምስት የሥራ ቀን አላቸው፣ አምስት መጨመር ይችላሉ።

አንድ የማይባል ነገር ልንገራችሁ። ቲፍ ሲያበቃ ቢላችሁ የሚወርድ ይመስላችኋል። ሕጉ ግን ጌቶቹ የተመለሰውን ጭማሪ ለራሳቸው እንዲወስዱት ይፈቅዳል። ቺካጎ በ2024 ያጸደቀችው የ1.25 ቢሊዮን ዶላር የመኖሪያና የኢኮኖሚ ልማት ቦንድ የሚከፈለው በዚህ ስሌት ነው፦ ወረዳዎቹ ሲያበቁ ወደ ከተማዋ በሚመለሰው ግብር። ክፉ ሐሳብ አይደለም፣ ገንዘቡ ከአንድ ሰፈር ቋት ወጥቶ የትም ሊውል ይችላል። ግን «ቲፉ ይዘጋና ግብራችን ይቅለል» ብላችሁ የተከራከራችሁ ሰዎች ቀድማችሁ እወቁት።

23 ዓመቱም ሁልጊዜ 23 አይደለም። የግዛቱ ምክር ቤት ሕግ ካወጣለት እስከ 35 ይራዘማል። ለማራዘም ደግሞ ትምህርት ቤቱና ሌሎቹ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃሉ። ስለዚህ የወረዳችሁን ማብቂያ ቀን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ማስታወሻው ሁለት ዓመት ቀድሞ ይጩህ። ስድስት ወር ሲቀረው ካላችሁ ደብዳቤዎቹ የግዛቱ ዋና ከተማ ስፕሪንግፊልድ ደርሰው እናንተ ገና የግብር ቢላችሁን እየፈለጋችሁ ነው።